የመጀመሪያዋ ቅርጫት እስክትገባ

ቨርል ከንክል በመላው ኢንዲያና ከሚስቱ ከአርዲስ የባሰ ግትር ሰው አይቶ አያውቅም። መስታወት ፊት ሲቆም ካልሆነ በቀር።

አርዲስ የሎሪንግ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን የመጀመሪያዋን ቅርጫት እስኪያስቆጥር ድረስ አትቀመጥም። እሷ ብቻም አይደለችም። በሎሪንግ ጂምናዚየም ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ሲያጎናት ሕዝቡ በሙሉ ብድግ ይላል፤ ልጆቻችን የመጀመሪያዋን ሲያስገቡ ሕዝቡ በሙሉ ቁጭ ይላል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም። ዱሮ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። የፈንዲሻህን ከረጢት አፍ ሳትከፍት ተቀምጠሃል።

ከዚያ ግራንት ሬንሾ የሚባል አሰልጣኝ መጣ።

ሬንሾ ኳስ ማቆየት ይወዳል። ልጆቹ ስድስት ጊዜ ሳይቀባበሉ ማንም እንዳይወረውር ብሎ ደነገገ። ስድስት! ቀለበቱ ሥር ብቻውን የቆመ ልጅ እንኳ አራተኛው ቅብብል ላይ ከደረሰችው ኳሷን እንደ ትኩስ ድንች መልሶ ወደ ውጭ ይሰጣታል። ለመወርወር የተፈቀደላቸው ሰዓት ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው አንዱ ይደነግጥና ወደ ጣሪያው ይወረውራል፤ ጣሪያው ደግሞ ነጥብ የለውም። ይሄ ሁሉ ሲሆን አሰልጣኙ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ያያል፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ይመስል። አይጮኽም፣ አይነሳም፣ ዳኛ አይሰድብም። ቨርልን ከሽንፈቱ ይልቅ የሚያንጨረጭረው ይሄ አቀማመጡ ነው።

ሰውዬው ከመጣ ሦስት ክረምት ሆነ። ዘንድሮ እስከ የካቲት ድረስ አምስት አሸንፎ አሥራ ዘጠኝ ተሸንፏል። ከተማው በሙሉ ቆሽቱ አሯል። ከቨርልና ከአርዲስ ኋላ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካዩ ድዌይን፣ መቀሱን እንደያዘ ስለ ሬንሾ ወሬ ከጀመረ ጆሮህን በእጅህ ሸፍነህ መጠበቅ ነው። ቨርል ደግሞ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ለአሰልጣኙ ደብዳቤ ይጽፋል። ዘንድሮ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ልኳል። አንድም መልስ አልመጣም።

ከተማው የሚናደደው ቡድኑ ስለተሸነፈ ነው። ቨርል ግን ለማንም ያልነገረው የራሱ ምክንያት ነበረው። የአርዲስ የቀኝ ጉልበት አልቋል። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ "አጥንቱ ካጥንቱ እየተፋጨ ነው፤ በብረት እንቀይረው" ሲላት፣ "እኔ አውቶቡስ አይደለሁም" ብላው ወጣች። ይሄንን ያለችው ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ከኋላዋ "ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቁሙ!" ብሎ ጮኸ። ሁለት ደቂቃ! በሬንሾ ቡድን ሁለት ደቂቃ ማለት ገና ኳሷን እያሟሟቋት ነው።

በየካቲት መጀመሪያ ኮሌጁ የመጪውን ዓመት የወንበር ማደሻ ቅጽ ላከ። ረድፍ አሥራ አራት፣ ወንበር አምስትና ስድስት። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ቨርል ያንን ቅጽ በደረሰበት ቀን "2" ብሎ ሞልቶ ሲልክ ኖሯል። ዘንድሮ አርዲስ ቀድማ አገኘችውና ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈችው።

"ምነው አልተሞላም?" አላት።

"እስከ መጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ጊዜ አለው።"

"ምኑ ነው የሚጠበቀው?"

"ጉልበቴ" አለች ድንች እየላጠች። "መቆም ካቃተኝ አልመጣም ቨርል። ያኔ ያንተን ብቻ ትሞላለህ።"

"ተቀምጠሽ ማየት ትችያለሽ እኮ! ማን ከለከለሽ?"

"መቀመጡማ እቤቴም አለልኝ።"

ቨርል ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ቅጽ አየ። መጀመሪያ የተዋወቁት እዚያው ጂምናዚየም ውስጥ ነው። እሱ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ውሎ ደክሞት ገና ጨዋታው ሳይጀመር ቁጭ አለ። ከጎኑ የነበረች የማያውቃት ልጅ የኮቱን አንገት ይዛ ወደ ላይ ጎተተችውና "ተነስ እንጂ፤ ገና አላስቆጠርንም" አለችው። ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳትቀመጥ ተቀምጦ አያውቅም። አሁን ስድስት ቁጥር ወንበር ላይ የራሱን ኮት አስቀምጦ ብቻውን ሲያይ ታየውና ፈራ። ሞተር ፈንድቶበት ያልፈራ ሰው ባዶ ወንበር ፈራ።

ስለዚህ ተንኮል አሰበ። አርዲስ የምትቆመው የመጀመሪያዋ ቅርጫት እስክትገባ ከሆነ፣ ከገባች በኋላ ቢደርሱስ?

የዚያን ቅዳሜ ጨዋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኮታቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ገቡ። ቨርል ቁልፉን አዞረ። መኪናው ድምፅ አላሰማም።

"እንዴ!" አለ ቨርል፣ እንደ መጥፎ ተዋናይ።

"ምን ሆነ?"

"እኔ እንጃ። ብርዱ ይሆናል።"

አርዲስ ዞር ብላ አየችው። "አርባ ዓመት የሰው አውቶቡስ ስታስነሳ ኖረህ የራስህ መኪና እምቢ አለህ?"

ኮፈኑን ከፍቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ከባትሪው ጋር ተፋጠጠ። አንዴ ያንኳኳል፣ አንዴ ይተነፍሳል። ሰዓቱን ሰርቆ አየና የሚበቃ መሰለው፤ ራሱ ያላላውን ሽቦ ራሱ አጠበቀና መኪናው ተነሳ። ጂምናዚየሙ በር ላይ ሲደርሱ ከውስጥ ጩኸት አይሰማም። የቨርል አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሰው ተቀምጧል ማለት ነው፤ ተገላገልን።

በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል። ቄስ እንደሚጠብቅ ምእመን ጸጥ ብሎ፣ ትከሻውን ጥሎ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ እንግዶቹ አሥራ አንድ፣ ሎሪንግ ዜሮ። ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አልፏል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ!" አለ ድዌይን ከኋላ። "ምንም አላመለጣችሁም!"

አርዲስ ቦታዋ ላይ ደርሳ ቆመች። ቨርል ኪሱ ውስጥ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ ተጫነ፤ ዘንድሮ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ስንት ደቂቃ እንደቆመች በትንሽ ደብተር ይመዘግባል። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ አንዱ የኛ ልጅ ተገፍቶ ወደቀና ቅጣት ምት ተሰጠው፤ አስገባት። ሕዝቡ "እፎይ!" ብሎ ተቀመጠ። አርዲስ አልተቀመጠችም።

ይሄ በሎሪንግ የቆየ ክርክር ነው። ቅጣት ምት እንደ ቅርጫት ይቆጠራል የሚል አለ፤ ብዙው ሰው፣ በተለይ በሬንሾ ዘመን፣ እንደዚያ ማለት ጀምሯል። ለአርዲስ ግን አይቆጠርም።

"ገባች እኮ አርዲስ" አላት ድዌይን።

"ቅጣት ምት ምጽዋት ነው" አለች ሳትዞር። "እጁን ዘርግቶ ላገኘ ሰው አልቀመጥም።"

ሌላ ሁለት ደቂቃ ቆመች። በመጨረሻ ቅርጫት ገባችና ተቀመጠች፤ ግን ከጨዋታው በኋላ የመኪናውን ኮፈን በሁለት እጇ ተደግፋ ለረጅም ጊዜ እንደቆመች ቨርል አየ። ከዚያ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና "የባትሪውን ሽቦ ደህና አድርገህ እሰረው" አለችው። "ሰው ሳይነካው አይላላም።"

ቨርል ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ አልጻፈም። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ሊናገረው ወሰነ።

ሰኞ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አሰልጣኙ ዶቲ ምግብ ቤት ይመጣል። የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ማይክሮፎኑን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሰዉ ምሳውን እየበላ ይጠይቃል፣ አሰልጣኙ ይመልሳል፣ ሁሉም በቀጥታ ይተላለፋል። ዱሮ ቦታ አይገኝም ነበር። አሁን የሚመጣው ወይ ሊሳደብ ነው ወይ ለዶቲ ሳንድዊች ነው። የዶቲ ሳንድዊች የአሳማ ጥብሱ ከዳቦው በሁሉም አቅጣጫ አንድ ስንዝር ይወጣል፤ ጤነኛ ሰው ከመሀሉ ይገምጠዋል። ሬንሾ ግን ዙሪያውን በቢላ እየቆረጠ፣ ቀስ እያለ፣ ከዳር ወደ መሀል ይበላል። ሳንድዊቹንም ስድስት ጊዜ ሳይቀባበል አይጎርሰውም፣ አለ ቨርል በልቡ።

የሬዲዮው ሰው ሪክ ማይክሮፎኑን ሰጠው።

"ቨርል ከንክል ነኝ። ረድፍ አሥራ አራት።"

አሰልጣኙ ቢላውን አስቀመጠ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። "የሰኞ ደብዳቤው ሚስተር ከንክል?"

"ይደርስሃል እንዴ?"

"አሥራ ዘጠኙም ደርሰውኛል። መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ሰባተኛው ላይ በቅሎ ብለውኛል።"

"ስምንተኛው ላይ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።"

"የጠየቁት በቅሎዋን ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቨርል ፊቱ ቀላ። እቤቱ ጽፎት የመጣ፣ "እግርህን ማጣመር" በሚል የሚጀምር፣ ሁለት ገጽ ስድብ ኪሱ ውስጥ አለ። ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋውና ማንበብ አቃተው።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ" አለ። "ማሸነፍ መሸነፉ ያንተ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ብቻ፣ እጁ የገባችለት ልጅ ይወርውራት። ስድስቱን ቅብብል ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ቁጠር። ስልሳም አድርገው።"

"የመጀመሪያዋ ለምን?"

"ባለቤቴ ትቆማለች።"

"ሁሉም ይቆማል ቨርል!" አለ አንዱ ከጀርባ፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ።

ቨርል ትንሹን ደብተር አወጣ። "ከካልቨርት ጋር፣ ስድስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ አምስት ከሃምሳ። ባለፈው ቅዳሜ ስምንት ደቂቃ ዘግይተን ደርሰን እንኳ አራት ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ።" ማንም እየሳቀ አልነበረም። "ጉልበቷ አልቋል። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ነው ያላት። ተቀመጪ ስላት አትሰማም፤ ቅጣት ምት እንኳ አትቆጥርም፤ ካላስቆጠራችሁ አትቀመጥም። መቆም ካቃተኝ አልመጣም ትላለች። ለሠላሳ ስምንት ዓመት አጠገቤ ነበረች።" ደብተሩን ዘጋ። "አንዲት ቅርጫት ነው ያልኩህ። ልመና ነው።"

ሬንሾ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ሪክ ሰዓቱን አየ፤ ሬዲዮ ላይ ዝምታ ሰው ያስደነግጣል። በመጨረሻ አሰልጣኙ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ።

"ሚስተር ከንክል፣ ቃል ልገባልዎ አልችልም።"

"ለምን?"

"የሚወረውር ልጅ የለኝም። ወርዋሪዎቹን ትልልቆቹ ኮሌጆች ይወስዷቸዋል፤ እኔ ጋ የሚመጡት የሚታገሡት ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ታገሡ ስላቸው ኖሬ፣ ለአንዲት ኳስ አትታገሡ ብላቸው፣ ከዚያ በኋላ በምን አፌ አስተምራቸዋለሁ? እርስዎን ደስ ለማሰኘት ብዬ ብዋሽዎ ይቀልለኝ ነበር።"

"እና እሷ ምን ትሁን?"

"አላውቅም ጌታዬ።"

የቨርል ደሙ ፈላ። "አዎ፣ አታውቅም! እንዴት ታውቃለህ? አንተ እግርህን አጣምረህ ቁጭ ብለህ ነው የምታየው!" ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። ሳንድዊቹን ሳይበላ ነው የወጣው፤ በዚያ ከተማ ይሄ ትልቅ ቁጣ ነው።

እቤቱ ሲደርስ አርዲስ አልነበረችም። ሰኞ ሰኞ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ብርድ ልብስ ትሰፋለች። ቨርል ይሄንኑ አስቦ፣ ሬዲዮ አጠገብ አትሆንም ብሎ ነበር የሄደው። ሴቶቹ ሲሰፉ ሬዲዮ እንደሚከፍቱ ግን በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ቀን አልጠየቀም።

በሩ ተከፈተ።

"አሥራ ሁለት ሴት" አለች አርዲስ ኮቷን ሳታወልቅ፣ "አሥራ ሁለት ሴት መርፌውን አቁሞ ሲሰማህ ነበር።"

"አርዲስ..."

"ዝም በል። የፓስተሩ ሚስት እጄን ያዘችኝ። እጄን! ሬሳ የወጣብኝ ይመስል።"

"እኔ እኮ ላንቺው ብዬ..."

"ጉልበቴን ለአገር አስጎበኘህልኝ!"

ማክሰኞ አላናገረችውም። ረቡዕ "ጨው አቀብለኝ" አለችው፤ እሱም ጨውን እንደ ሽልማት በሁለት እጁ አቀበላት። ረቡዕ ማታ ማቀዝቀዣውን ሲያይ ማግኔቱ ብቻውን ቀርቷል። ቅጹ የለም። ስንት ብላ እንደሞላችው ለመጠየቅ ወኔ አጣ። ሐሙስንና አርብን ልቡ ተሰቅሎ አሳለፈ።

ቅዳሜ የወቅቱ የመጨረሻ የሜዳችን ጨዋታ ነበር፤ ከካልቨርት ጋር። ቨርል ኮቱን ሳይለብስ ሳሎን ተቀመጠ። ብቻዬን አልሄድም፤ በሬዲዮ አብሬያት እሰማለሁ ብሎ ቆርጧል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አርዲስ ቀዩን የሎሪንግ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች።

"መኪናው ይነሳል ወይስ ዛሬም አሞታል?"

ቨርል ከወንበሩ የተነሳበትን ፍጥነት የሬንሾ ልጆች ቢያዩት ይማሩበት ነበር።

ጂምናዚየሙ ውስጥ ዓይን ሁሉ ጉልበቷ ላይ ነው። አንዷ ተማሪ ተጣጣፊ ወንበር ይዛ መጣች፤ አርዲስ አንዴ ብቻ አየቻት፤ ልጅቷ ወንበሩን ይዛ ተመለሰች።

"አርዲስ፣ ትከሻዬ አለልሽ" አለ ድዌይን።

"ትከሻህን ለራስህ አንገት ተወው።"

ዳኛው ኳሷን አጎናት። ሕዝቡ ብድግ አለ። ቨርል የሰዓት መቁጠሪያውን ተጫነና እንደ ልማዱ ሊናደድበት ወደ አሰልጣኙ ወንበር ተመለከተ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሬንሾ ከወንበሩ ፊት ቆሟል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ወገቡ ላይ እያደረገ።

"ተነሳ!" አለ ድዌይን። "ሰውዬው ተነሳ! ኧረ ሐኪም ጥሩ!"

ቨርል ተስፋ አደረገ። ዛሬ ይወረውራሉ ማለት ነው! ልጆቹ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ተቀባበሉ፤ ሰዓቱ አለቀ፤ ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ ወጣች። እንደገና ስድስት። እንደገና ከንቱ። "ወርውር አንተ ልጅ! ምን ትጠብቃለህ፣ ፖስታ ቤት ነው እንዴ!" ይላል ሕዝቡ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። ሬንሾ ምንም አልቀየረም፤ ያለውን ነው ያደረገው። ብቻ አልተቀመጠም።

አራተኛው ደቂቃ ላይ የአርዲስ እጅ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ጨበጠ። ጣቶቿ ነጡ። ቨርል ክንዱን አስጠጋ፤ ምንም አላላትም፤ ቢላት እንደማትቀበለው ያውቃል። ትንሽ ቆይታ ክንዱን ያዘችው። ክብደቷ ሲያርፍበት ተሰማው። እንደዚህ ተደግፋው አታውቅም፤ ቀላል መሆኗ ሆዱን አባባው።

አምስት ደቂቃ ከሃያ ላይ ቅጣት ምት አገኘን። ገባች። ሕዝቡ "እፎይ!" ብሎ ተቀመጠ። አርዲስ አልተቀመጠችም። ቨርልም አልተቀመጠም።

ሬንሾም አልተቀመጠም።

ረዳት አሰልጣኙ የኮቱን ጫፍ ጎተተው። ሬንሾ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ሁሉ የተቀመጠ ሕዝብ መሀል ሦስት ሰው ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ሁለቱ ረድፍ አሥራ አራት ላይ፣ አንዱ ሜዳው ዳር ጀርባውን ሰጥቶ። ያኔ ቨርል ገባው።

"ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የቆመው?" አለች አርዲስ። "ቅጣት ምቱ ገብቷል እኮ። ለነሱ ይቆጠራል።"

ቨርል ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ።

"ቨርል። ስለ ቅጣት ምቱም በሬዲዮ አውርተሃል?"

"አውርቻለሁ።"

አርዲስ የአሰልጣኙን ጀርባ አየች። ከኋላቸው ድዌይን አፍሮ ሊነሳ ሲል ሰማችው። "ቁጭ በል ድዌይን" አለች፣ ግን እንደ ወትሮው አልገሠጸችውም። "አንተን አልጠየቅንህም።"

ስድስተኛው ደቂቃ አለፈ። ልጆቹ ኳሷን ያዙ። አንድ፣ ሁለት። ሕዝቡ መጮኽ ትቷል። ሦስት፣ አራት። ቨርል "ቀስ በሉ" ብሎ ሲያንሾካሹክ ራሱን ሰማ፤ ሦስት ዓመት የተሳደበበትን ነገር! አምስት፣ ስድስት። የካልቨርት ልጆች እንደማይወረውሩባቸው አምነው ክንዳቸውን አወረዱ። ሰባት። ኮልተን የሚባለው ረጅሙ ልጅ ከተከላካዩ ጀርባ ሾልኮ ገባ፤ ኳሷ እጁ ላይ አረፈች፤ ከቀለበቱ ጀርባ ባለው ሰሌዳ አስደግፎ አስገባት።

ሰባት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ።

ጂምናዚየሙ ሲናወጥ ሬንሾ ከሜዳው ፊቱን አዞረ። በጣቱ ረድፎቹን ከታች ወደ ላይ ቆጠረ፤ አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ቆመ። አርዲስን አገኛት። አልተቀመጠም፤ ይጠብቃል።

አርዲስ በእጇ "ተቀመጥ" አለችው።

እሱ ራሱን ነቀነቀና መዳፉን ዘርግቶ "መጀመሪያ እርስዎ" አላት።

"እየው ይሄንን!" አለች አርዲስ። "እንዲህ ያለ ግትር ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።"

"እኔ አይቻለሁ" አለ ቨርል።

ተቀመጠች። ቨርል አጠገቧ ተቀመጠ። አሰልጣኙም ወንበሩ ላይ ተመለሰ፣ እግሩን አጣመረ፣ እስከ መጨረሻው አልተነሳም። በዘጠኝ ነጥብ ተሸነፍን። የማይሳካ ነገር አይሳካም። ቨርል በሁለተኛው አጋማሽ ሦስት ጊዜ "በቅሎ!" ብሎ ጮኸ፤ አርዲስ "በቅሎዋን ተዋት" አለችው።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን አርዲስ አልተነሳችም። ቨርል ሙቀቱ በዝቶበት ኮቱን አውልቆ በሸሚዙ ቆሟል። ቦርሳዋን ከፈተች። ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ቨርል ከላይ ሆኖ አወቀው። ቅጹ ነው። ባዶው ሳጥን ውስጥ በእሷ የእጅ ጽሑፍ "1" ተብሎ ተጽፏል።

"ረቡዕ ነው የሞላሁት" አለች።

ቨርል ወለሉ ላይ የተበተነውን ፈንዲሻ አየ።

"ሰኞ ለዚያ ሐኪም እደውላለሁ" አለች አርዲስ። "ሰኔ ላይ ብረቱን ያስገባልኝ። ኅዳር ላይ ጨዋታ ሲጀመር መቆም አለብኝ። ያ ሰውዬ ብቻውን ቆሞ ሰው ይሳቅበት?" እስክሪብቶ ስትፈልግ ቆየችና አገኘች። የምትጽፍበት ጠፍጣፋ ነገር ግን አልነበረም። "ዙር እስቲ። ጀርባህን ስጠኝ።"

ቨርል ዞሮ ጎንበስ አለ። ወረቀቱ በስስ ሸሚዙ ላይ ሲያርፍ ተሰማው። መጀመሪያ እስክሪብቶው አንድ ቁጥሯን ቀጥ አድርጎ ሲሰርዝ ተሰማው። ከዚያ ቀስ ብሎ ከላይ ዞሮ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ሥሩ ላይ ወደ ጎን ሲሰመር ተሰማው። ዓይኑ ሞላ፤ ሊጠርገው እጁን አነሳ።

"አትንቀሳቀስ" አለች አርዲስ። "ገና አልጨረስኩም።"

እስክትጨርስ ቆመላት።